ፈረሱ ከዚህ፣ ቅዱሱ ከስልክ

ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ላይ ሲያወርደኝ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አልሞላም ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ የአገው ምድር የጥር ጠዋት ደግሞ ለእንግዳ አያዝንም። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ መንገድ ዳር ቆምኩ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ከተማዋ ስሟን የምታስከብርበት ቀን። ከእንጅባራም ከዳንግላም አቅጣጫ ገበያተኛው በእግር፣ በጋሪ፣ በባጃጅ ይጎርፋል። በመካከሉ ኮርቻቸው ላይ ቀጥ ብለው የተቀመጡ ሽማግሌዎች ሕዝቡን እንደ ውኃ ለሁለት እየከፈሉ ያልፋሉ።

የመጣሁት ለእነዚህ ፈረሶች ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሰኛው ሁሉ አጊጦ ይወጣል። ማኅበሩ የተመሠረተው በዓድዋ ዘመቻ ከሰው እኩል ለዋሉት ፈረሶች መታሰቢያ እንዲሆን ነው። እኔ በዓሉን ሳይሆን የበዓሉን ዋዜማ ነበር የፈለግሁት፤ ልጓሙ ሲጠገን፣ ኮርቻው ሲታደስ፣ ፈረሱ ገብስ ሲቀለብ ማየት።

ቦርሳዬ ውስጥ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ስለ አንድ ጀርመናዊ ሰዓሊና ስለ ጥንት የህንድ የግድግዳ ሥዕሎች ለመጻፍ ከተነሣሁ ወር አልፎኛል። ፎቶ ኮፒው ታጭቋል፣ ማስታወሻው ተቆልሏል፣ ጽሑፉ ግን አልሄድ ብሎኛል። የሚያንቀኝ አንዲት ቃል ነች፦ «ተጽዕኖ»። እገሌ በእገሌ ተጽዕኖ ሥር ወደቀ ብዬ በጻፍኩ ቁጥር ሰውዬው ከበደኛ ጆንያ በታች የተጋደመ እየመሰለኝ ብዕሬን እጥላለሁ።

ጆንያ ካልን አዲስ ቅዳም የጆንያ አገር ነች። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ አፉ በሣር ተወትፎ በገመድ የተሰፋ የከሰል ማዳበሪያ እንደ ወታደር ተሰልፏል። ከሰሉ የዲከረንስ ነው። ይህን የአውስትራሊያ ግራር በፋግታ ለኮማ ወረዳ የማያውቀው ልጅ የለም። ገበሬው ችግኙን ከጤፉ ጋር በአንድ ማሳ ላይ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል፤ ከዚያ ከዛፉ ሥር ለከብቱ ሣር ያገኛል፤ በአራትና በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከዚያም እንደገና ጤፍ ይዘራል። አሲድ በልቶት ፍሬ አልሰጥ ያለ መሬት ነበር፤ ባዕዱ ዛፍ መጥቶ ኑሮውን አሻሻለው። አሁን ኮረብታውን ቀና ብሎ ያየ እንግዳ ዛፉ ከኖኅ ዘመን ጀምሮ እዚያ የቆመ ይመስለዋል።

ከገበያው ወጣ ብዬ አንድ ሲከስል ያለ ክምር አጠገብ ደረስኩ። እንጨቱ ተደርድሮ፣ ሣር ለብሶ፣ አፈር ተመርጎበት እንደ ትልቅ መቃብር አብጧል። ጠባቂው አዛውንት ከጎኑ ጎጆ ቢጤ ቀልሰው ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ መድረሱን በምን ያውቁታል?» አልኳቸው።

«በጭሱ ነዋ። ነጭ ሲሆን ገና ውኃውን እያለቀሰ ነው። ሳስቶ ሰማያዊ ሲመስል በስሏል።» በአካፋቸው አንድ የተሰነጠቀ ቦታ በአፈር ደፈኑ። «ነፋስ ካገኘ ግን ነገሩ አበቃ። እሳቱ ሁሉንም ይበላውና አመድ ታፍሳለህ። እሳት ሳትሰጠው አይከስል፤ አብዝተህ ከሰጠኸው አይተርፍ።»

ይህን በልቤ ይዤ ወደ ከተማ ተመለስኩ።

ሰዓሊውን ያገኘሁት በአንድ ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ዕድሜው ሃያን ቢያልፍ ነው። ማስታወቂያ ይጽፋል፤ የባጃጅ መስታወት ላይ ጥቅስ ይለጥፋል፤ የሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ስኒና ጀበና ይሥላል። ያን ቀን ነጭ የተቀባ ላሜራ ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ከመንገድ ያነሣት በምትመስል አንዲት የዲከረንስ ከሰል ቅዱስ ጊዮርጊስን ይነድፋል። አንድ ፈረሰኛ ለጥር 23 አዝዞት ነው። ስልኩን በግራ እጁ ይዟል፤ በስልኩ ውስጥ የብረት ልብስ የለበሰ፣ እስከ ጉልበቱ ጫማ የተጫማ፣ ጸጉሩ የተንዘረፈፈ የፈረንጅ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ይወጋል።

ቆሜ አየሁት። ሥዕሉ ከስልኩ ጋር አልተመሳሰለም። ጦሩ ያው ነው፣ የሰውነቱ ዘንበል ማለት ያው ነው፣ የዘንዶውም ጥምዝምዝ ያው። ፈረሱ ግን ሌላ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ አጠር ያለ፣ ግንባሩ ላይ ዛሬ ጠዋት በገበያው መካከል ያየሁት ዓይነት ጌጥ የተንጠለጠለበት። የቅዱሱ እግርም ባዶ ነው። ከእግሩም አውራ ጣቱ ብቻ በቀጭኗ የእርካብ ቀለበት ውስጥ ገብታለች።

«ይህን እግር ከየት አመጣኸው? ስልኩ ላይ ጫማ አድርጓል» አልኩት።

«አያቴ እንደዚህ ነበር የሚጋልበው፣ ጋሼ። በአውራ ጣቱ። ጫማ ያደረገ ጊዮርጊስ ብሠራለት ያዘዘኝ ሰውዬ አይቀበለኝም» አለና ሳቀ።

«ፈረሱስ?»

«ፈረሱ ከዚህ ነው። ቅዱሱን ነው ከስልክ የወሰድኩት።»

ወር ሙሉ ያስጨነቀኝ ጽሑፍ እዚያ ላሜራ ላይ በከሰል ተጽፎ ቆመ።

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ጀርመናዊ ኧርንስት ሉድቪሽ ኪርሽነር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1905 በድሬስደን ከተማ ከሦስት የሥነ ሕንፃ ተማሪ ጓደኞቹ ጋር «ድልድይ» የተሰኘውን የሰዓሊያን ቡድን የመሠረተ ሰው ነው። የሚሥሏቸው ሰዎች በመጥረቢያ እንደ ተጠረበ እንጨት ጠፍጣፋና ሹል ነበሩ። ታዲያ ኪርሽነር ድሬስደን እያለ አንድ ትልቅ መጽሐፍ እጁ ገባ። መጽሐፉ በምዕራብ ህንድ ገደል ውስጥ የተፈለፈሉትን የአጃንታ የቡድሃ ዋሻዎች ሥዕሎች የያዘ ነው።

የዚህ መጽሐፍ ዕጣ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። የአጃንታ ሥዕሎች አብዛኞቹ በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ የተሣሉ ሲሆን፣ ዋሻዎቹ ዱር ውጧቸው ከኖሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1819 አንድ ለአደን የወጣ እንግሊዛዊ መኮንን አያቸው። በኋላ የቦምቤይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ጆን ግሪፊትስ ከ1872 ጀምሮ ለአሥራ ሦስት ዓመታት ከህንዳውያን ተማሪዎቹ ጋር በዋሻው ጨለማ እየገባ ገለበጣቸው። ግልባጮቹ ወደ ለንደን ተላኩና በ1885 በተነሣ ቃጠሎ ብዙዎቹ ነደዱ። ከእሳት የተረፈውና ሌላው ተሰባስቦ በ1896 እና በ1897 በሁለት ጥራዝ ታተመ። እንግዲህ ድሬስደን የደረሰው የዋሻው ሥዕል ሳይሆን የሥዕሉ ግልባጭ፣ የግልባጩም ኅትመት ነው። ኪርሽነር ህንድን ረግጦ አያውቅም። የልጁን ስልክ አስቡት።

ሆኖም ያ ኅትመት አስደነቀው። ከገጾቹ ላይ ተቀምጦ ቀዳ። ህንዳዊው ሰዓሊ ከሺህ ዓመታት በፊት ሰውነትን በአንድ የማይቋረጥ መስመር ጠቅልሎ፣ ወገብን ሰብሮ፣ ደረትንና ትከሻን ሥጋ አልብሶ ነበር የሠራው። እ.ኤ.አ. በ1911 ኪርሽነር ሐይቅ ዳር የሚታጠቡ አምስት ሴቶችን ሣለ፤ ሥዕሉ ዛሬ በርሊን በሚገኘው የ«ድልድይ» ሙዚየም ውስጥ ነው። እንደ ተጠረበ እንጨት የነበሩት አካላት ሞልተዋል፣ ክብ ሆነዋል። ቦታው ግን የጀርመን ውኃ ዳርቻ ነው፤ ሴቶቹም የአጃንታ እመቤቶች አይደሉም። በዚያው ዓመት ወደ በርሊን ተዛወረ፤ ከተማዋ ስታስጨንቀው መስመሩ እንደገና ሾጠጠ፤ የጎዳና ሰዎቹ እንደ ስለት ሆኑ። ህንድ እስካስፈለገችው ድረስ ተጓዘባትና ወረደ።

ተጓዘባት። ይህን ቃል በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከጻፍኩ በኋላ ነው ከቄስ ትምህርት ቤት የቀሰምኩት ግዕዝ የመጣልኝ። «ጸዐነ» ማለት ጫነ ማለት ነው። «ተጽዕነ» ደግሞ ሁለት ነገር ነው፦ ተጫነ፣ እና ፈረስ ላይ ተቀመጠ። በሆሣዕና ጌታ በአህያ ውርንጫ ላይ መቀመጡ ሲነገር የምንሰማው ግሥ ይኸው ነው። አማርኛው ሸክሙን ብቻ ወርሶ ግልቢያውን ረሳው። ስለዚህ «በተጽዕኖ ሥር» እያልን ሰዓሊን ሁሉ የጭነት አጋሰስ አደረግነው። ሥዕል አጠገብ ስቆም ከእንግዲህ የምጠይቀው «ይህ ከማን መጣ?» ብዬ አይደለም፤ «ማን በማን ላይ ተቀምጧል?» ብዬ ነው።

በዚህ ጥያቄ የእኛን ጓዳ ብንፈትሽ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አናገኝም። እ.ኤ.አ. በ1590 እና 1591 ሮም ላይ በእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች የተጌጠ የዐረብኛ ወንጌል ታትሞ ነበር። ያ መጽሐፍ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ደረሰ፤ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእኛ ሰዓሊዎች የወንጌሉን ታሪክ ሲሥሉ አቀማመጡን ከእሱ ወሰዱ። የሮማዊውን ጥላና ብርሃን ግን ጣሉት። ዓይኑን አጎሉት፣ ቀለሙን ንጹሕ አደረጉት፣ ጻድቁን ፊት ለፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይን በጎን አስቀመጡት። በሮም የምትገኘው የማርያም ሥዕልም ኢየሱሳውያን በሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን እጅ መጥታ፣ መጎናጸፊያዋንና የእጆቿን አያያዝ እንደያዘች የእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን እመቤት ሆነች። ህንድም ቢሆን ከእኛ የራቀች አልነበረችም። ኢየሱሳውያኑ የመጡት በህንዷ ጎዋ በኩል ነው፤ ከህንድ የመጣው አበባማ ጨርቅም በኋለኛው የጎንደር ሥዕል ውስጥ በቅዱሳንና በመኳንንት ልብስ ላይ ይታያል። ህንድ ወደ ድሬስደን በመጽሐፍ ከመሄዷ አስቀድሞ ወደ ጎንደር በጨርቅ መጥታ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ልጁ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሱቁ ውስጥ ያለችው ሴት ሻይ አመጣችልኝ። እሱ የዘንዶውን ጭራ እያጠቆረ፣ በመዳፉ ከሰሉን እያሸ ጥላ ያወጣል።

«ሥዕል ማን አስተማረህ?»

«ማንም። አጎቴ መሪጌታ ነው፤ ክታብ ላይ ዓይን ሲሥል አይ ነበር።»

ወዲያው ሰዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ትዝ አለኝ። ይህ ሰው ሐረር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1932 ተወለደ፤ አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕልና በሐረግ የሚያስጌጡ ካህን ነበሩ። ልጅየው በአባቱ ቀለም አጠገብ አደገ። ከዚያ በ1957 ወደ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ሄደ። የኪርሽነር ትውልድ የጫረው እሳት ከናዚ ዘመን ውርጅብኝ ተርፎ እንደገና በተቀጣጠለባት አገር አራት ዓመት ተማረ። ናዚዎች የኪርሽነርን ከስድስት መቶ በላይ ሥራዎች ከየሙዚየሙ ነጥቀው «የዘቀጠ ጥበብ» ብለው ነበር፤ ሰዓሊውም በ1938 ራሱን አጠፋ። ከክሳቸው አንዱ ጥበቡ ከባዕዳን የተቀዳ ነው የሚል ነበር።

ገብረ ክርስቶስ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምርና ሲያሳይ ደግሞ በተራው «ይህ የፈረንጅ ነው» ተባለ። እርግጥ ነው ቅርጹን ሰባበረ፣ ሰውን ወደ ቀለምና ወደ ምልክት ቀየረ። ግን «ጎልጎታ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራውን ሥዕል አስታውሱ። ከኮሎኝ የመጣ ሰው፣ ጀርመንኛ የሚናገር ብሩሽ ይዞ፣ ከአባቱ ብራና ላይ ያለውን ስቅለት ፈልጎ ሄደ። ያን ስቅለት ለማየት የግድ የአባቱ ልጅ መሆን ነበረበት፤ እንደዚያ አድርጎ ለመሣል ደግሞ ኮሎኝ ደርሶ መመለስ ነበረበት። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። በደርግ ዘመን ተሰደደ፣ በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ ዐረፈ። ጀርመን አገር ተቀምጠው የነበሩ ሥዕሎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ በተከፈተው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። የሄደበት ፈረስ ጌታውን አጥቶ ብቻውን ወደ ቤት እንደሚመለሰው ሁሉ።

እዚህ ላይ ግን አዲስ ቅዳምን አይቶ ሌላውን ወገን አለመናገር ሐሰት ይሆናል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዲከረንሱ በሽታ ገብቶበታል፤ ቅጠሉ ላይ ዝገት መሳይ ነገር ይወጣና ዛፉ ቆሞ ይደርቃል። ከሰል ጠባቂው አዛውንት ወደ ማዶው ኮረብታ በአገጫቸው ጠቁመው «ያ ሁሉ አረንጓዴ ነበር» ብለውኛል። ኮረብታው በየቦታው ቡናማ ሆኗል። ያኔ የገባኝ ነገር አለ። ዛፉ ባዕድ በመሆኑ አልነበረም ጥፋቱ፤ ጤፍ መካከል እስከ ተተከለ ድረስ ገበሬው ነበር በላዩ የተቀመጠው። ኮረብታውን ሁሉ ለእሱ ብቻ ስንለቅለት፣ የድሮው ዛፍ ቦታ ሲያጣ፣ ያኔ ነው ልጓሙ ከእጃችን የወጣው። ጥበብም እንዲህ ናት። ሁሉን ከአንድ መስኮት የሚቀዳ ትውልድ፣ ስልኩ ውስጥ ያለውን ጫማ ሳይቀር የሚያወርድ ሰዓሊ፣ አንድ በሽታ ሲመጣ የሚተርፈው አይኖረውም። አዛውንቱ እንዳሉት ነው፦ ያለ እሳት አይከስልም፤ ነፋስ ሲበዛ ደግሞ አመድ ነው።

ወደ ከሰዓት ገበያው መሳሳት ጀመረ። ፈረሶቹ በመጡበት አኳኋን ቀጥ ብለው ተመለሱ። ልጁ የከሰሉን ንድፍ ጨርሶ ቀለም ሊጀምር ቆርቆሮዎቹን ከፈተ። ከመሄዴ በፊት ስልኬን አወጣሁና አንድ ምስል አሳየሁት። እ.ኤ.አ. በ1911 ሙኒክ ውስጥ «ሰማያዊው ፈረሰኛ» የሚባል ሌላ የሰዓሊያን ስብስብ ተመሥርቶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ላሳተሙት መጽሐፍ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ካንዲንስኪ በሽፋኑ ላይ ያወጣው ፈረሰኛ ከራሱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ የተወሰደ ነው፤ የባቫሪያ ገበሬዎች በመስታወት ላይ የሚሥሉትን ጊዮርጊስ ይወድ ነበር። ለልጁ ያሳየሁት ግን የጓደኛውን የፍራንዝ ማርክን ትልልቅ ሰማያዊ ፈረሶች ነው። ሦስቱም አንገታቸውን ቀልሰው እንደ ኮረብታ ተደጋግፈዋል። ማርክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቬርደን ጦር ሜዳ ላይ፣ ፈረስ ላይ እያለ ተመትቶ ሞተ።

ልጁ ስልኩን ከእጄ ወስዶ በጥላ በኩል አዞረውና ዝም ብሎ አየው።

«ሰማያዊ?» አለ።

«ሰማያዊ።»

«ሰውዬው ፈረስ ያውቃል። አንገቱን እየው፣ ጋሼ። እንዲህ የሚቀልሰው ሲደላው ነው።» ጥቂት ቆየና፣ «ግን ልጓም የለውም። ኮርቻም የለው» አለ።

«ዱር ውስጥ ያሉ ናቸው።»

«ላክልኝማ።»

ላኩለት። ስልኩ ጮኸ። ሰማያዊዎቹ ፈረሶች በአዲስ ቅዳም ደረሱ። እሱ ግን ቀድሞ ወደ ሰማያዊው ቆርቆሮ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ጫፍ ትንሽ አነሣና በነጩ ፈረስ አንገት ሥር፣ ጥላ በሚሆንበት ቦታ፣ ሳብ አደረጋት። ወደ ኋላ ሸሽቶ አየ። ወደደው መሰለኝ።

«ልጓሙን ግን እኔ ነኝ የማስገባለት» አለ።